እግርም ቤት ያሻዋል

ስለ ሥልጣን፣ ስለ ድርድርና ስለ ድርጅቶች መከፋፈል በሌሎቹ ገጾች በሰፊው ስለሚጻፍ፣ እኔ ዛሬ ትልልቁን ጉዳይ ለትልልቆቹ ጸሐፊዎች ትቼ ወደ ታች ልውረድ። ወደ ታች ስል እስከ እግራችን ድረስ ማለቴ ነው።

በአምስተርዳምም፣ በሮተርዳምም ሆነ በዴንሃግ የወገን ቤት ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው በባለቤቱ እግር ላይ ነው። ባየሁት መጠን ሦስት ዓይነት ሐበሻ አለ። አንደኛው ቤቱ ውስጥ በውጭ ጫማው የሚውል ነው። ማሰሪያውን እንኳ አይፈታም፤ አሁኑኑ ተጠርቶ የሚወጣ ይመስላል። ሁለተኛው በካልሲ ብቻ የሚሄድ ሲሆን፣ ወለሉ ስለሚቀዘቅዘው በጣቶቹ ጫፍ ነው የሚራመደው። ሦስተኛው ደግሞ ለመታጠቢያ ቤት የተገዛውን የላስቲክ ነጠላ ጫማ በካልሲ ላይ አጥልቆ ሳሎኑን ቷ ቷ ያደርገዋል። ለቤት ተብሎ የተሠራ፣ እግር የሚያሞቅ ሸበጥ ያለው ግን ከስንት አንድ ነው።

በዴንሃግ የሚኖሩ አንድ የማከብራቸው ሰው አሉ። በዚህ አገር ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጠዋል፤ ልጆቻቸው እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ ተምረው ሥራ ይዘዋል። «ጋሼ፣ ለምን አንድ የቤት ሸበጥ አይኖርዎትም?» ብላቸው፣ «ዛሬ ነገ ስንል ለምን ዕቃ እናበዛለን?» አሉኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ዛሬ ነገ! የእርሳቸው ብቻ ቢሆን ባላነሣሁት። ስንቶቻችን ነን ኪራይ እየከፈልን፣ ቁልፉን በኪሳችን ይዘን፣ በገዛ ቤታችን እንግዳ ሆነን የምንኖር? እግርን ማሞቅ አገርን መርሳት የሚመስለን ብዙ ነን። አይደለም ወገኖቼ። የመመለሻው ቀን ሲደርስ በሪህ የታሠረ ጉልበት አውሮፕላን መሰላል ላይ አያወጣም።

ደግሞስ የሐበሻ እግር በዚህ አገር ስሙ የተጠራ እግር ነው። በላይነህ ዴንሳሞ በሚያዝያ ወር 1988 (እ.ኤ.አ.) በሮተርዳም ጎዳና ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲይዝ፣ ያንን ሰዓት የሚያሻሽል ሰው ለአሥር ዓመት አልተገኘም። በአደባባይ እንዲህ የተከበረ እግር በሳሎን ሊንቀጠቀጥ አይገባውም።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ሸበጥ የሚያሻን በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ብርዱ ነው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የጋዝ ዋጋ ጣሪያ በነካበት ጊዜ የሆላንድ መንግሥት ሕዝቡ የቤቱን ማሞቂያ ወደ 19 ዲግሪ ዝቅ እንዲያደርግ መምከሩ አይዘነጋም። 19 ዲግሪ ለሹራብ ለባሽ ደረት ይበቃ ይሆናል፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ ላለ እግር ግን አይበቃም።

ሁለተኛው ጎረቤት ነው። በአገራችን አብዛኞቻችን ያደግንበት ቤት ከሥሩ ያለው መሬት ነበር። እዚህ ከሥራችን ሰው ይኖራል። ሮተርዳም ውስጥ ሦስት ልጆች የምታሳድግ አንዲት እናት እንደነገረችኝ፣ የታችኛው ጎረቤቷ ልጆቹ በሮጡ ቁጥር በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድብ ነበር። ልጆችን አትሩጡ ማለት ዝናብን አትዝነብ እንደማለት ነው። ወፍራም የሱፍ ሶል ያለው ጸጉራም ሸበጥ ሰፍታ ለሦስቱም አጠለቀችላቸው። ልጆቹ ዛሬም ይሮጣሉ፤ መጥረጊያው ግን ወደ ጠረጋ ሥራው ተመልሷል።

«ታዲያ ገዝተን አንገላገልም?» የሚል አይጠፋም። መግዛትማ ይገዛል። ርካሹ ሸበጥ ግን ሶሉ ስስ ስፖንጅ ስለሆነ ቶሎ ይተኛል፤ ከዚያ ወዲያ በባዶ እግር ከመሄድ አይሻልም። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጫማውን ወድደን ጫማ ሰፊውን የምንንቅ ሕዝብ ነን። ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን «ቡዳ» እያልን ኖረናል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጁን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎ፣ በሆላንድ ቢሮ ሲጠርግ አምሽቶ የሚገባ ወንድሜ «እኔ መርፌ ልይዝ?» ሲል እሰማለሁ። የሴት ሥራ ነው ለሚለውም መልስ አለኝ። በየከተማችን በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ ሱሪ ሲያሳጥርልን የነበረው ማን ነው? ሸማውንስ የሚሸምነው? ወንድ አይደለም እንዴ? ከጎማ የሚሠራውን በረባሶ ስንስቅበት ኖረን፣ ቤተልሔም ጥላሁን አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሠፈር ባቋቋመችው ሶልሬብልስ የጎማ ሶሉን ለዓለም ገበያ አቀረበችው። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባል የለ!

ጸጉር መልበስም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በአጎዛ ላይ ተኝተን ያደግን ብዙ ነን። የመንዝ ሰው የበጉን ጸጉር አስፈትሎ ባናውን ያሠራል፤ በርኖሱንም ይደርባል። እዚህ ግን የእውነተኛ አውሬ ቆዳ ፍለጋ አትድከሙ። ሆላንድ ለጸጉሩ የሚረባውን ሚንክ የተባለ አውሬ ማርባትን በ2013 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ሕግ ለማስቀረት ወስና ነበር፤ በ2020 ኮሮና በርቢዎቹ ውስጥ ሲገባ ቀኑ ተፋጥኖ በ2021 ቆሟል። ለእኛ ሰው ሠራሹ ጸጉር ይበቃናል፤ ይታጠባል፣ ርካሽም ነው።

የት ይገኛል? የአምስተርዳም ሰው ሰኞ ጠዋት በዮርዳን ሠፈር ወደ ቬስተርስትራት የጨርቅ ገበያ ይሂድ። ሰኞ ሥራ ያለበት ከ1905 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቆመው አልበርት ካይፕ ገበያ ከእሑድ በቀር አለለት። ሮተርዳሞች ማክሰኞና ቅዳሜ በብላክ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቢነንሮተ ላይ ገበያ አላችሁ። ዴንሃጎች በትልቁ ሃግሰ ማርክት ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ትገበያያላችሁ። ከባለመደቡ «ኩፖን» የሚሉትን የጥቅል ቁራጭ ጠይቁ፤ ርካሹ እርሱ ነው። ስፋቱ ሜትር ተኩል ከሆነ ጨርቅ ግማሽ ሜትር ለሁለት አዋቂና ለአንድ ልጅ ይበቃል። ለገበር ለስላሳ ብርድ ልብስ፣ ለሶል ደግሞ ያረጀ የቆዳ ጃኬት ከአሮጌ ዕቃ መሸጫው፣ ከክሪንግሎፕ፣ አምጡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካልሲ አድርጋችሁ ካርቶን ላይ ቁሙ፤ ተቀምጦ መለካት አይሆንም፣ እግር ሲቆም ይሰፋልና። እርሳሱን ቀጥ አድርጋችሁ ዙሪያውን ሥመሩ። በመስመሩ ዙሪያ ለእግር መላወሻ ግማሽ ሳንቲ ሜትር፣ ለስፌት ደግሞ አንድ ሳንቲ ሜትር ጨምሩና ቁረጡ። ይህ የሶሉ ቅድ ነው፤ ገልብጣችሁ ለሌላው እግር ተጠቀሙበት። ቀጥሎ ሜትሩን በእግራችሁ ሰፊ ቦታ ላይ ከወለል እስከ ወለል አሳልፋችሁ ለኩና ሁለት ሳንቲ ሜትር ጨምሩ፤ የላይኛው ክፍል ስፋት ይህ ነው። ቅርጹ የግማሽ ጨረቃ ነው፤ ቀጥ ያለው ጠርዝ እግር የሚገባበት፣ ክቡ ጠርዝ ጣቶቹን የሚዞር። ቅዱን በቅድሚያ በጋዜጣ ሞክሩት። ይህንኑ ጋዜጣ መቁረጥ ይቻላል፤ ግን አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ ያውም ከማስታወቂያው ገጽ ጀምራችሁ።

ጸጉሩን በመቀስ ገጭ አድርጎ መቁረጥ አያምርም፤ የተላጨ በግ ያስመስለዋል። ጨርቁን ገልብጣችሁ በጀርባው በኩል መደቡን ብቻ በምላጭ ቅደዱት፤ ጸጉሩ ሳይነካ ይለያያል። ከመቅደዳችሁ በፊት በእጃችሁ ዳስሱት፤ ጸጉሩ የሚተኛው ወደ ጣት በኩል መሆን አለበት። ሥራውን በረንዳ ላይ ብታደርጉት ደግ ነው፤ ብናኙ ምግብ ውስጥ ይገባል፣ አስም ያለበትንም ያስቸግራል።

የላይኛውን ክፍል ከገበሩ ጋር ፊት ለፊት አድርጋችሁ ቀጥ ባለው ጠርዝ ብቻ ስፉና ገልብጡት። አሁን የውስጡን ሶል እግር የሚያርፍበትን ፊት ወደ ላይ አድርጋችሁ አንጥፉ፤ የላይኛውን ክፍል ጸጉሩ ወደ ላይ እንደሆነ በጣቶቹ በኩል ዘርጉበት፤ ትርፉን በትንሽ በትንሹ እየሸበሸባችሁ ወስውሱት። በዚያ ላይ የውጭውን ቆዳ ወለሉን የሚነካው ፊት ወደ ታች፣ ወደ ጸጉሩ አድርጋችሁ ደርቡ። ወፍራም ስለሆነ መርፌ ቁልፍ አይዘውም፤ የልብስ መስቀያ መቆንጠጫ ይያዘው። ጸጉሩን ወደ ውስጥ እየገፋችሁ ዙሪያውን በጠንካራ ክር ስፉ፤ ተረከዙ ላይ አራት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ብቻ ተዉ። በዚያ ገልብጡት። በሁለቱ ሶሎች መካከል ሁለት እጥፍ አሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ ወይም ወፍራም ስፖንጅ አስገቡና ቀዳዳውን ዘምዝማችሁ ዝጉ። ስፌቱ የያዘውን ጸጉር በመርፌ ጫፍ አውጡት። አለቀ። መኪና የሌለው በእጁ ቢሰፋው በሁለት ምሽት ይጨርሰዋል።

ሦስት ነገር አደራ። የመጀመሪያው መንሸራተት ነው። የሆላንድ ደረጃ ቁመቱ ገደል፣ ስፋቱ መዳፍ ነው፤ ሶሉን በልሙጥ ጨርቅ የሠራ ሰው ወገቡን ያጣል። የቆዳው ሻካራ ፊት ወደ ወለል ይሁን። ለአረጋውያን እናት አባቶች ደግሞ ተረከዙ የተዘጋ ይሰፋ፤ ክፍቱ ደረጃ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ሁለተኛው እሳት ነው። ሰው ሠራሽ ጸጉር ሙቀት ሲነካው ይቀልጣል፤ ከሰል አቀጣጥሎ ቡና የሚያፈላ ሰው ሸበጡን ከምድጃው ያርቅ፣ ሲታጠብም በማሞቂያው ላይ አያድርቀው። ሦስተኛው ለሕፃን ጫማ ቁልፍ ዓይን አትስፉ፤ ነቅለው ይውጡታል። ዓይኑን በክር ጥለፉት።

ዓይን ካልኩ ስለ መልኩ ላውራ። የፈረንጅ ሱቅ ሸበጥ ጥንቸል ወይም ድብ ነው። እኛ ስንሰፋ ለምን የራሳችንን አናደርገውም? ረጅም ቡናማ ጸጉር ዙሪያውን ካደረጋችሁ ጎፈሩን የነሰነሰ አንበሳ ይወጣዋል። (ስለ አንበሳው ግን ማንም ማኅበር መግለጫ እንዳያወጣ፤ ሸበጥ ነው።) እኔ ይበልጥ የምወደው ጭላዳውን ነው። ቡናማ ጎፈር፣ ጥቁር ፊት፣ ደረቱ ላይ አንድ ቀይ ቁራጭ ጨርቅ፣ በቃ። እዚህ የተወለደ ልጅ «ይህ ምን ዓይነት ዝንጀሮ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ በስሜንና በመንዝ ጓሳ ሣር እየጋጠ የሚኖር፣ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በየትም ዱር የማይገኝ እንስሳ መሆኑን ትነግሩታላችሁ። አገሩን በስብከት አልሰማ ያለ ልጅ በእግሩ ለብሶት ይውላል።

ለባሎችም አንድ ቃል። ሆላንዶች ሚስቱን የሚፈራውን ባል «በፓንቶፍል ሥር ያለ» ይሉታል፤ ፓንቶፍል ማለት ይኸው ሸበጥ ነው። ፓንቶፍሉን በገዛ እጁ የሰፋ ባል ግን ከማን ሥር ሊባል ነው?

የመጨረሻው ነገሬ ከዚህ ይከብዳል። ከስደተኞች ካምፕ ወጥቶ ቤት የተሰጠው ወገን ቁልፉን ተቀብሎ በሩን ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ራቁት ሲሚንቶ ነው። በዚህ አገር የኪራይ ቤት ወለል ያለ ምንጣፍ መረከብ የተለመደ ነው፤ ምንጣፉ ተከራዩ ገንዘብ ሲያገኝ የሚመጣ ነው። እኛ ለእንኳን ደስ ያለህ ዳቦና ለስላሳ ይዘን እንሄዳለን፤ ደግ ነው። ዳቦው ግን በማግስቱ ያልቃል፣ ሲሚንቶው ይቆያል። በዚህ ክረምት በየከተማው አምስት አምስት ሆነን ቡና እያፈላን አንድ አንድ ጥንድ ትርፍ ብንሰፋ፣ ለአዲስ ገቢው «ይህ ቤትህ ነው፣ ጫማህን አውልቅ» ለማለት ያስችለናል። ያንን ቃል ስንቶቻችን በመጣን ጊዜ ብንሰማው ኖሮ!

ቅዱን ለመሥራት የተቸገረ ካለ ለዝግጅት ክፍሉ ይጻፍ፤ የእግሩን ቁጥር አይርሳ። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን፤ እግራችሁም ይሙቅ።