በጃንዋሪም ወደ ባሕር ዳር እንውጣ

የማኅበራችን የዊንተር ዝግጅቶች በሙሉ ቤት ውስጥ ናቸው፦ ቡና፣ ፊልም፣ ገና፣ የጥናት ምሽት። ሁሉንም እወዳቸዋለሁ። ግን በእኔ እምነት አንድ ነገር ይጎድለናል። በጃንዋሪ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አብረን ሪቪር ቢች ሄደን ወፍ እንይ።

«በዚህ ብርድ? ለወፍ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እናቴም «ብርድ ይመታሻል» ትላለች። እሷ ባደገችበት አገር ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ በቆሎ እየጠበሱ ቤት መክተት ነው። ያ ክረምት ግን መስከረም ሲጠባ ይወጣል። የቦስተን ብርድ እስከ ማርች ይቆያል፤ በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው ገና 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው። በተለይ በኦገስት ከአገር ቤት የመጡ ልጆች በዚህ ወቅት ዝም እያሉ ሲሄዱ አይቻለሁ። ቡና ላይ ተከበው «እንዴት ነህ?» ሲባሉ መልሱ «ደህና» ነው። ጎን ለጎን እየተራመደ፣ ዓይኑ ወፍ ላይ ሆኖ ግን ሰው ይናገራል። የእግር ጉዞ ሕክምና አይተካም፤ ወሬ ግን ያስጀምራል።

ሪቪር ቢች በብሉ ላይን ባቡር ይደረሳል። በጁላይ በሰው የሚሞላው አሸዋ በጃንዋሪ የወፎቹ ነው። ሳንደርሊንግ የምትባለው ትንሽ ነጣ ያለች ወፍ ማዕበሉ ሲመለስ ተከትላ ትሮጣለች፣ ሲመጣ ትሸሻለች፤ በመሐል ከአሸዋው ምግቧን ትለቅማለች። የምትፈለፍለው አርክቲክ ነው፤ እዚህ የመጣችው ብርድ ሸሽታ ነው። ለእሷ ቦስተን ቆላ ነው!

እንደ ነርሲንግ ተማሪ እኔን የሚገርመኝ የዳክዬዎቹ እግር ነው። በባዶ እግራቸው በረዶ ላይ ይቆማሉ። ወደ እግር የሚወርደው ሙቅ ደም ወደ ላይ በሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም አጠገብ ሲያልፍ ሙቀቱን ያቀብለዋል፤ ስለዚህ የሰውነታቸው ሙቀት በእግራቸው በኩል አይባክንም። ደግሞም በሽተኛ ፊት ስንቆም የምንማረው ከመንካት በፊት ማየትን ነው፦ አተነፋፈሱን፣ አቀማመጡን፣ የቆዳውን ቀለም። ወፍ ማየትም ያንኑ ትዕግሥት ያስተምራል።

«ይሄ የፈረንጅ ሥራ ነው» ለሚል፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ800 በላይ የወፍ ዓይነቶች አሉ። ከአውሮፓ ብርድ የሚሸሹ ብዙ ወፎች ዝዋይና አቢጃታ ሐይቆች ላይ ይከርማሉ። ባለ ሰማያዊ ክንፏ ዝይ ደግሞ ከእኛ ደጋ በቀር የትም አትገኝም፤ የባሌን ብርድ የምትችለው በወፍራም ላባዋ ነው። እኛም የብርድ አገር ሰዎች ነን።

ሁለት ሰዓት ይበቃል። ወፍራም ካልሲ፣ ጓንትና ኮፍያ አድርጉ፤ ሻይ በፔርሙዝ እኔ አመጣለሁ። ቡናው አይቀርም፣ ስንመለስ ይፈላል። ሰሞኑን ዝም ያለ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ እሱን ይዛችሁ ኑ።