የታመመውን ማን ጠየቀ?

ማኅበራችን በየስብሰባው ስለ አገር ዕድገት እስከ እኩለ ሌሊት ይከራከራል። ባለፈው ጥር ግን እዚህ ጀርመን አገር አንድ ወንድማችን ጉንፋን ጥሎት ሦስት ቀን በሩን ዘግቶ ሲተኛ ሻይ እንኳ ያፈላለት አልነበረም። እሑድ ከባቡር ጣቢያ በቀር ሱቁ ዝግ ነው፤ መድኃኒት ቤትም የሚከፍተው ተረኛው ብቻ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በ116117 ደውሎ ተረኛ ሐኪም መጠየቅ እንደሚቻል የነገረው የለም፤ ከእኛም (እናፍራለን) የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። አገር ቤት በሽተኛ ሳይጠይቅ የቀረ ይወቀሳል። እዚህ «ጊዜ የለንም» እንላለን። ለክርክሩስ ከየት መጣ? ማኅበሩ በየሳምንቱ ዳቦና ሎሚ ገዝተው በር የሚያንኳኩ ሁለት ተረኞች ይመድብ። የሚቀጥለውን ሳምንት እኛ ይዘናል፤ ስማችን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።