የላንጋኖ ውኃ አያሳይም

እኔስ ከላንጋኖ መጣሁ፤ መምጣት ከተባለ!

ቅዳሜ ጠዋት ስምንት ሆነን አዋጥተን ሚኒባስ ተከራየን። መንገዱ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሞጆ ላይ ወደ ቀኝ መታጠፍ፣ መቂንና ዝዋይን ማለፍ። ሁለት ድንኳን፣ ሦስት ሳጥን ቢራ ይዘናል። ዳቦ የያዘ ሰው ግን የለም!

ማታ እሳት ነደደ፣ ከጎረቤት ድንኳን ጋር በሙዚቃ ተፎካከርን። ሲነጋ አሸዋው ላይ ጠርሙሱ፣ ነጠላ ጫማውና የተኛው ሰው ተደባልቋል።

ረፋድ ላይ አንዱ ጓደኛችን ስካሩ ሳይለቀው “ልዋኝ” አለ። “ጀግና!” ብዬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ዋኝቶ ጠፋ።

እናንተዬ፣ የላንጋኖ ውኃ በደለል የደፈረሰ ቡናማ ነው። “ቢልሃርዚያ የለበትም” ስለሚባል ሁሉም ደፍሮ ይገባል። ግን ጉልበታችሁ ድረስ ስትገቡ እግራችሁን አታዩትም። የሰመጠ ሰውም አይታይም። የት እንደምንፈልገው ጠፋን። አንድ የአካባቢው ልጅ በእግሩ ዳብሶ አገኘውና ጎትቶ አወጣው። ተፋ፣ አሳለው፣ ተነፈሰ። እግዜር ይስጠው፣ ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም።

ምክሬ አጭር ናት፦ የጠጣ አይዋኝ፤ ብቻውን የሚገባ አይኑር፤ አንድ ሰው ሳይጠጣ ይጠብቅ። ውኃ የዋጠ ሰው “ደህና ነኝ” ቢልም ሐኪም ይየው።

ጓደኛችን ለእናቱ “ጉንፋን ነው” ብሏቸዋል። ነገ ሐኪም ቤት ይዤው እሄዳለሁ። ለጭብጨባዬ ይህችስ ታንሳለች።

ቸር ሰንብቱ!