ክታቡና ቧንቧው

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ክረምብስ» የተሰኘው ፊልም ከጥፋት የተረፈች ኢትዮጵያን ያሳያል። የዛገ የጠፈር መርከብ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ያሉት ሰዎች ለፕላስቲክ መጫወቻና ለማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ክታብ ይሳሳሉ። ፋብሪካው ስለተረሳ ምርቱ አስማት ሆኗል።

የአገር ቤት ደራስያን ብዙውን ጊዜ የሚሄዱት በሌላ መንገድ ነው። ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በተሰኘው ልብወለዱ የጣናን ገዳማት ምስጢር ከጠፈር ሳይንስ ጋር አጋብቶ እልፍ አንባቢ አፈራ። ድፍረቱ የሚደነቅ ነው። ጥበብ ሁሉ ከብራና ሥር ተቀብሮ የቆየ ሲሆን ግን አንድ ነገር ይጎድላል፤ ማሽኑ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው የሚጠይቅ የለም።

አስማት ራሱ እኮ ሙያ ነበር። የደብተራው ክታብ ከመጻፉ በፊት ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል። ልክ አለው፣ ቁስ አለው፣ ቅደም ተከተል አለው። ከዚህ በላይ ለመሐንዲስ የቀረበ አስማት ከየት ይመጣል?

አስማትና ምህንድስና ለሚገናኙበት ታሪክ ደግሞ ስምጥ ሸለቆ የተመቸ ነው። በአዳማ ኮረብቶች ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉ ሁለት የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች አሉ። ሶደሬ ላይ ሰው መድኃኒት ነው ብሎ ፍል ውሃ ይነከራል። ወደ ደቡብ፣ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል፣ አሉቶ የተባለ እሳተ ገሞራ አለ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከ2,000 ሜትር በላይ ተቆፍሮ ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀት ተገኘበት፤ በ1998 ደግሞ 7.3 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ቆመ፤ ጥገናም አስፈለገው። የከርሰ ምድር እንፋሎት ማዕድን ይዞ ይወጣል፣ ቧንቧ ይደፍናል፣ ብረት ይበላል።

ለልብወለድ ጸሐፊ ይህ ሲሳይ ነው። ተራራው ኃይሉን ይሰጣል፣ በምላሹ ብረት ይበላል፤ ውለታውን ከዘነጉበትም መብራቱን ያጠፋል። ባለዛሩም ጥገና ሠራተኛውም ስለ አንድ ጉድጓድ ሲከራከሩ ሁለቱም እውነት ሊኖራቸው ይችላል። ዋና ገጸ ባሕርይ ከተፈለገም የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ መሐንዲሶችን ያስመርቃል፤ ከመካከላቸው አንዷን አሉቶ ላይ የሌሊት ተረኛ አድርጎ መመደብ የደራሲው ፋንታ ነው።