ዘፈን ስናስተምር አንጓ አንቁረጥ!

ዘፈን ለልጆች ማስተማር ቀላል ነገር ነው የሚሉ በመካከላችን አይጠፉም። ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ደወል ይደወላል፤ በቃ! እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ምክንያታችንን በአንድ የአሜሪካ ዘፈን ታሪክ እናስረዳ።

ውዲ ገትሪ እ.ኤ.አ. በ1912 በኦክላሆማ ተወለደ። ግጥሙን ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ይዘፍናል። በ1930ዎቹ ድርቅና የአቧራ ማዕበል ገበሬውን ሲያፈናቅል እሱም እንደ ብዙዎቹ ወደ ካሊፎርኒያ ተሰደደ። በዚያን ዘመን አሜሪካን የሚባርክ የኧርቪንግ በርሊን ዘፈን በየራዲዮኑ ይሰማ ነበር። ሥራ ያጣው ሕዝብ በየመንገዱ እያለ ሁሉ ነገር እንደተሟላ መዘመሩ ለገትሪ አልዋጥ አለው። ስለዚህ በየካቲት 1940 ኒውዮርክ ሆኖ «ይህች ምድር ያንተ ምድር ናት» የተባለውን ዘፈን መልስ አድርጎ ጻፈ።

ዘፈኑ የአገሩን ውበት ያወድሳል። ሁለት አንጓዎች ግን መረር ይላሉ። በአንዱ የግል ይዞታ ነው የሚል ማስታወቂያ መንገደኛውን ያግደዋል፤ በሌላው የተራበ ሕዝብ እርዳታ መስጫ በር ላይ ተሰልፎ ይታያል፤ ምድሪቱ በእርግጥ የነሱ መሆኗም ይጠየቃል።

ታዲያ ምን ሆነ? ዘፈኑ በየትምህርት ቤቱ ሲዛመት እነዚያ አንጓዎች አብዛኛውን ጊዜ ተተዉ። ጥያቄው ወጥቶ ውዳሴው ቀረ! ልጁ አርሎ፣ አባቱ እንዳይረሱ ብሎ አንጓዎቹን እንዳስተማረው ተናግሯል። ገትሪ በ1967 ቢሞትም አንጓዎቹ አልሞቱም። በጥር 2009 የ89 ዓመቱ ሽማግሌ ፒት ሲገር ከብሩስ ስፕሪንግስቲን ጋር ሆኖ በዋሽንግተን የሊንከን መታሰቢያ ፊት ዘፈናቸው። የአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች ደግሞ «መሬቱ መጀመሪያ የማን ነበር?» እያሉ ዘፈኑን ራሱን ይጠይቁታል። ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ልጅ ስለ ረሃብና ስለ ሰልፍ ምን ያውቃል? አናስጨንቀው» ይላሉ። ከእናቱ ጋር ሰልፍ ቆሞ የዋለ ልጅ እኮ ነገ ከፊታችን ይቀመጣል! እሱ የሚያውቀውን እኛ ብንደብቀው ማንን አታለልን? ትምህርት ቤት የሱን ኑሮ እንደማያውቅ ብቻ ይማራል። ቃሉ ለዕድሜው ይቅለል፣ ይብራራ፤ እሺ። መቁረጥ ግን ማብራራት አይደለም።

እንግዲህ ለማስተማር ስንወጣ ማንኛውንም ዘፈን ከማስጠናታችን በፊት ማን ጻፈው፣ ለምን ጻፈው፣ የቀረ አንጓስ አለው ወይ ብለን እንጠይቅ። ልጆቹም ይጠይቁ። መምህሮቻችንስ ምን ትላላችሁ? መልሳችሁን በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንጠብቃለን።