ደረጃ የማይወጣለት ካንሰር

ልጃቸው የደም ካንሰር እንደያዘው የተነገራቸው ወላጆች ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚጠይቁት «ስንተኛ ደረጃ ላይ ነው?» ብለው ነው። አይፈረድባቸውም፤ የጡት ካንሰር ከአንድ እስከ አራት እንደሚቆጠር ያልሰማ የለም። ሉኪሚያ ግን ከመቅኒ ተነስቶ ከደም ጋር ስለሚዞር፣ በታወቀበት ቀን መላ ሰውነትን አዳርሶ ነው የሚገኘው። ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው በሽታው ለመድኃኒት ይበገር እንደሆነ ነው። ለዚህ ሲባል የሚደረገው ምደባ ክፉውን ሉኪሚያ ለማደን ብቻ የተፈለሰፈ ይመስላል። ትልቁ ውለታው ግን ከባድ ሕክምና የማያስፈልገውን ልጅ ከሕክምናው ጉዳት ማትረፉ ነው።

ዶናልድ ፒንክል በሜምፊስ ከተማ በሴንት ጁድ ሆስፒታል ሥራ ሲጀምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ከያዛቸው መቶ ልጆች የሚተርፉት አራት ያህል ነበሩ። በሽታው አንጎል አካባቢ ተሸሽጎ እንደሚያገረሽ በመረዳታቸው የልጆቹን ጭንቅላት በጨረር ማከም ያዙ፤ በ1967–68 ባካሄዱት ሙከራ ግማሽ ያህሉ ዳኑ። ጨረሩ ግን ዕዳ ነበረው፦ ዕድገታቸው የተጓተተ፣ ትምህርት የከበዳቸው፣ ከዓመታት በኋላ የአንጎል ዕጢ የወጣባቸው ነበሩ። በ2009 ያው ሆስፒታል ባሳተመው ጥናት ልጆቹ እንደየአደጋቸው ተለይተው ኬሞው (የካንሰር መድኃኒቱ) ተመጠነላቸው፤ ጨረሩም ለሁሉም ቀረ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከመቶው 93ቱ በሕይወት ነበሩ።

ልየታው የሚጀምረው ምንም ወጪ ከማይጠይቅ ነገር ነው፤ ከዕድሜ። በ1993 የተሰበሰቡ ባለሙያዎች በተስማሙበት መስፈርት ዕድሜው ከአንድ እስከ አስር ዓመት የሆነና በአንድ ማይክሮሊትር ደሙ ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሱ ከ50,000 በታች የሆነ ልጅ አደጋው መለስተኛ ነው ይባላል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን አደጋ ከሁሉም ይከፋል።

ቀጥሎ ከዳሌ አጥንት መቅኒ ይቀዳል፤ ሕዋሱ የቢ ወይም የቲ ነጭ የደም ሕዋስ ዘር መሆኑ፣ ክሮሞዞሙም ይታያል። ክሮሞዞማቸው ከ50 የበለጠ ሕዋሳት ለኬሞ በቀላሉ እጅ ይሰጣሉ፤ ከ44 ያነሱት አስቸጋሪ ናቸው። በሽታው ወደ አንጎል አካባቢ መድረስ አለመድረሱን ለማየት፣ ልጁ በጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ከወገቡ የአከርካሪ ፈሳሽም ይወሰድለታል። እዚህ የእጅ ጥራት ወሳኝ ነው፦ መርፌው የደም ሥር ነክቶ ፈሳሹ ደም ከተቀላቀለበት፣ የሚታየው የካንሰር ሕዋስ ከፈሳሹ ይሁን ከደሙ መለየት ያዳግታል።

ከዚህ ሁሉ የሚልቀው መስካሪ ሕክምናው ራሱ ነው። ጀርመናዊው ሐንስዮርግ ሪም እና ባልደረቦቻቸው ለልጁ ለሰባት ቀን ፕሬድኒሶን፣ በአከርካሪው በኩል ደግሞ አንድ መርፌ ሜቶትሬክሴት ሰጥተው በስምንተኛው ቀን ደሙን ቆጠሩ። በማይክሮሊትር የቀረው የካንሰር ሕዋስ ከ1,000 በታች ከሆነ መልካም፣ ከዚያ ከበለጠ ግን ሕክምናው ይጠነክራል። ዛሬ የበለጸጉ አገሮች ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ከ10,000 የመቅኒ ሕዋሳት መካከል አንዷን ጥፋተኛ ለቅመው ያወጣሉ። የስምንተኛው ቀን ቆጠራ ግን ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ ዓይን ይበቃዋል።

ለድሃ አገሮች ይህ ርካሽ ልየታ ትልቅ ጥቅም አለው፤ እዚያ ሕክምናው ራሱ ሊገድል ይችላልና። ሀንገር፣ ሱንግ እና ሃዋርድ የተባሉ ሐኪሞች በ2009 እንዳሳሰቡት፣ ልጆች በኬሞው ጉዳትና በኢንፌክሽን በሚሞቱበት ሆስፒታል በቀለል ያለ ሕክምና ጀምሮ ዐቅም ሲጎለብት ማጠንከር ይሻላል። ምክሩ ፍርሃት ይመስላል፤ ስሌት ነው።

በማይክሮስኮፕ የሚታየው የደም ስላይድ የማያሳየው ግን አለ። በካንሰር ሕዋሳቸው ውስጥ የፊላደልፊያ ክሮሞዞም የሚባለው ለውጥ ያለባቸው ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ከኬሞው ጋር ኢማቲኒብ የተባለ ክኒን ሲጨመርላቸው ለሦስት ዓመት ያለ ችግር የቆዩት ከ35 ወደ 80 በመቶ ከፍ ብለዋል። ይህ ክኒን ያንኑ ክሮሞዞም ለተሸከመው ሥር የሰደደ ሉኪሚያ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በእርዳታ ሲታደል ኖሯል። ልጁ ግን ክሮሞዞሙ ካልተመረመረለት መድኃኒቱ ቅርቡ ሆኖም አይደርሰውም። ለሉኪሚያ ላቦራቶሪ ጥቂት ገንዘብ ቢገኝ፣ ረጅም የጂን ዝርዝር ከማስመርመር በፊት ይህ አንድ ምርመራ ሊቀድም ይገባል፤ ውጤቱ በዚያው ሳምንት የሐኪሙን ማዘዣ ይለውጣልና።