ቺያው ይቆየን፤ ተልባው ምን አጠፋ?

ሰሞኑን ቲክቶኩም ፌስቡኩም «ቺያ ፑዲንግ» ብቻ ሆኗል። ማታ ቺያውን በወተት ትነክራለህ፣ ፍሪጅ ውስጥ ታሳድረዋለህ፣ ጠዋት ረግቶ ይጠብቅሃል። ከላይ ማንጎ፣ እንጆሪ፣ ማር። ጤናማ ቁርስ ማለት ይሄ ነው ተባልን። እሺ፣ ጥሩ ነው። እኔን ያናደደኝ ግን ከሥር ያለው ኮሜንት ነው፤ «እኛማ አቅሙ የለን፣ ጤናማ ምግብ የሀብታም ነው» የሚለው። ማነው ይሄን ያሳመነን?

ቺያ የሜክሲኮና የጓቲማላ አካባቢ እህል ነው። እዚያ ያሉ ሰዎች ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ ይበሉት ነበር። ለእነሱ የአያቶቻቸው እህል ነው። እኛ ደግሞ የእነሱን አያት እህል ከሱፐርማርኬት በትንሽ ከረጢት በውድ እየገዛን፣ የራሳችንን አያት ተልባ ጓዳ ውስጥ ረስተነዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄኔ ነው።

ቁጥሩን እንየው። 28 ግራም ቺያ ውስጥ 10 ግራም ገደማ ፋይበር፣ 5 ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ 5 ግራም ገደማ ኦሜጋ 3 አለ። በዚያው ልክ ተልባ ውስጥ 8 ግራም ገደማ ፋይበር፣ 5 ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ 6 ግራም ገደማ ኦሜጋ 3 አለ። ቺያ በፋይበርና በካልሲየም ይበልጣል፣ ተልባ በኦሜጋ 3። ያ የሚያረጋው ዝልግልግ ነገርም ተልባ ላይ አለ፤ ተልባ የጠጣ ሁሉ ያውቀዋል።

«የፈረንጅ ነገር ሁሉ መርዝ ነው» የምትሉም ተረጋጉ። ቺያ ምንም አላጠፋም፤ አቅሙ ያለው ይብላ። እንዲያውም ከእነሱ መውሰድ ያለብን ዋናው ነገር እህሉ ሳይሆን ማታ ማዘጋጀቱ ነው። የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር ሁሉ ምን እንደምል ይገባዋል። ልጁ ዴስክ ላይ ተደፍቷል። ቁርስ በላህ ወይ ስትለው «ቲቸር፣ ጠዋት ማን ይሠራል? የታክሲ ሰልፍ አለ» ይልሃል። በእረፍት ሰዓት ቦምቦሊኖ በስኳር ሻይ። ከዚያ «ይሄ ትውልድ ሰነፍ ነው» እንላለን። ሰነፍ ሳይሆን ርቦት ቢሆንስ?

ቤቱ ምንም የሌለውን ልጅ ግን በዚህ ፖስት አልወቅሰውም። የሱ ጉዳይ የአዘገጃጀት ሳይሆን የኑሮ ጉዳይ ነው። እኔ የምናገረው ተልባም በሶም ቤቱ እያለ ባዶ ሆዱን ለሚወጣው ነው።

አሠራሩ ይኸው። ተልባውን አመስ አመስ አድርጎ መፍጨት፤ ሳይፈጭ ከተዋጠ አብዛኛው እንዳለ ይወጣል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተልባ፣ ሁለት ማንኪያ በሶ፣ ግማሽ ብርጭቆ ወተት፣ ትንሽ ማር። በደንብ አማስላችሁ፣ ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ሙዝ ቆራርጣችሁ ጨምሩበት። ከወፈረባችሁ አቅጥኑት። በጾም በወተቱ ፋንታ ውሃ ወይም የሱፍ ውሃ። ፍሪጅ የሌላችሁ ወተት እንዳታሳድሩ፤ ደረቁን ማታ አዘጋጅታችሁ ጠዋት በውሃ በጥብጡት፣ የተፈጨ ተልባ በደቂቃዎች ውስጥ ይወፍራል። ለጀማሪ አንድ ማንኪያ ይበቃል፤ ውሃም በደንብ ጠጡበት። ብዙ አትፍጩ፣ ተፈጭቶ ሲቆይ ቅባቱ ይበላሻል።

«ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ብላችሁ እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ። ሳቁ። ግን ተልባን የጨጓራ መድኃኒትና የጾም መጠጥ ብቻ አድርገን ያስቀረነው እኛው ነን። ነገ አንዱ የውጭ ድርጅት በሚያምር ማሸጊያ አሽጎ፣ እንግሊዝኛ ጽፎበት ሲመልስልን ደግሞ ተሰልፈን እንገዛዋለን።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አሁን እናትና አባት የሆናችሁ፣ ለእናንተ ነው የጻፍኩት። ልጁን ባዶ ሆዱን አትላኩብን። በባዶ ሆድ የሚገባ ትምህርት የለም።

በሉ ደህና እደሩ፤ ተልባችሁን ነክራችሁ።